ስለ መንገደኛ የጋዝ ምድጃ

ከወዳጆቻችን አንዱ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋራ ወደ ስሜን ተራራ ወጥቶ በጨነቅ በድንኳን ባደረ ጊዜ የደረሰበትን አጫውቶናል። ከሱቅ የገዛው ምድጃ ታጥፎ በኪስ የሚያዝ፤ ክብደቱም ከሁለት እንቁላል የማይበልጥ ስለ ነበረ እጅግ ደስ ብሎት ነበር። ነገር ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ውርጩ ሲበረታ እሳቱ ቀስ በቀስ እየደከመ ሄደና ሽሮው ሳይንተከተክ እንደ ጧፍ ብልጭ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ወዳጃችንም ሻጩ ባዶ ቆርቆሮ ሸጠልኝ ብሎ ተበሳጭቶ፤ ለልጆቹ በሶ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ሰጥቶ አስተኛቸው። በማግሥቱ ፀሐይ ቆርቆሮውን ካሞቀችው በኋላ ቢሞክረው እሳቱ እንደ መጀመሪያው ቦግ አለ። ከግማሽ የሚበልጠው ጋዝ አላለቀም ነበር።

እንግዲህ ሻጩ አላታለለውም። በቆርቆሮው ውስጥ ያለው ጋዝ ታምቆ እንደ ውሃ ፈሳሽ ሆኖ የተቀመጠ ነው፤ ወደ እሳቱ የሚሄደው ግን ፈሳሹ ሳይሆን ከላዩ የሚነሣው እንፋሎት ነው። ፈሳሽ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ደግሞ ከራሱና ከዕቃው ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ ምድጃው እየነደደ ሳለ ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል፤ አንዳንድ ጊዜም በውጭው ላይ አመዳይ ይታይበታል። ቡታን የተባለው ጋዝ፤ በየቤታችን ቡታጋዝ ለምንለው ስም መነሻ የሆነው ማለት ነው፤ በባሕር ወለል ልክ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲወርድ እንፋሎቱ ኃይል ያጣል። ኢሶቡታን ከዜሮ በታች እስከ 12 ዲግሪ፤ ፕሮፔን ደግሞ ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ይታገሣል። ዳሩ ግን የፕሮፔን ግፊት ብርቱ ስለ ሆነ በቀጭን ቆርቆሮ ብቻውን ሊታሸግ አይችልም። ስለዚህ ለተራራ የሚሆነው ቆርቆሮ ሁለቱ የተቀላቀሉበት ነው፤ ብዙ ጊዜ 80 በመቶ ኢሶቡታንና 20 በመቶ ፕሮፔን ይሆናል። የወዳጃችን ቆርቆሮ ቡታን ብቻ ነበር፤ በርካሽ ስላገኘው ጽሕፈቱን አላነበበም። ድብልቁም ቢሆን ፕሮፔኑ ቀድሞ ስለሚወጣ በመጨረሻው ላይ በብርድ ይደክማል። ከፍ ያለ ቦታ ግን በዚህ በኩል ጥቂት ያግዛል፤ አየሩ ሲሳሳ ጋዙ በቀላሉ ይወጣልና።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሌሊቱን ቆርቆሮውን በጋቢ ጠቅልሎ አጠገብ ማሳደር፤ ሲያበስሉም ለብ ባለ ውሃ በጥልቅነት የለሽ ሳሕን ውስጥ ማቆም ነው። በፈላ ውሃ ውስጥ ማኖርና ወደ እሳት ማስጠጋት ግን ሊያፈነዳው ስለሚችል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አባቶቻችን የሚያውቁት ባለ ላምባው ፕሪሙስ እንዲህ ያለ ችግር አልነበረበትም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1892 በስዊድን አገር ሊንድክቪስት የተባለ ሰው የሠራው ይህ ምድጃ ግፊቱን የሚያገኘው ከሰው እጅ ስለ ነበረ፤ አሙንድሰን በ1911 ወደ ደቡብ ዋልታ ሲሄድ ይዞት ነበር። ነገር ግን ከባድ ነው፤ ላምባው ይሸታል፤ ለማቀጣጠልም ትዕግሥት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ቁጠባው እንምጣ። ገበያ የሚወጣ ሰው ምድጃውን በእጁ መዝኖ የቀለለውን ይመርጣል። እውነትም 25 ግራም ብቻ የሚመዝን ምድጃ ይገኛል። ዳሩ ግን መንገደኛውን የሚያደክመው ምድጃው ሳይሆን የሚሸከመው ጋዝ ነው፤ 230 ግራም ጋዝ የያዘው መካከለኛ ቆርቆሮ ከነዕቃው ወደ 380 ግራም ይመዝናል። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስኪፈላ ድረስ፤ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ድስቱ ቢገባ ኖሮ፤ ከ7 እስከ 8 ግራም ጋዝ በበቃው ነበር። በተለመደው ምድጃ ግን ከ12 እስከ 15 ግራም ይፈጃል። የቀረው አየር አሞቀ ማለት ነው።

ይህንንም የሚያባክነው ብዙውን ጊዜ የአብሳዩ እጅ ነው። ለመፍጠን ሲባል እሳቱ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ነበልባሉ ከድስቱ ሥር አልፎ በጎኑ ወደ ላይ ይወጣል፤ ውሃው በእርግጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀድማል፤ ጋዙ ግን ይበዛል። እሳቱን ዝቅ አድርጎ፤ ሰፊ ድስት ጥዶ፤ መክደን ነው። ነፋስ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጠላት ነው፤ የሚፈጀውን ጋዝ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ያደርገዋል። ስለዚህ ከድንጋይ ጥግ ማብሰል ይገባል። ነገር ግን ምድጃው በቆርቆሮው አናት ላይ የሚገጠም ከሆነ ዙሪያውን በመከለያ መዝጋት አደገኛ ነው፤ ሙቀቱ ወደ ቆርቆሮው ይመለሳልና። ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ብቻ ይከለል፤ ቆርቆሮውም እጅን እስኪያቃጥል ከጋለ ወዲያው ይጥፋ።

ከሥሩ ቀጫጭን የብረት ክንፎች ያሉት፤ ከምድጃው ጋራ አንድ ሆኖ የሚሠራ ድስትም አለ። ለአንድ ሊትር ከ8 እስከ 10 ግራም ይበቃዋል፤ ነፋስንም ይቋቋማል። እርሱ ከነድስቱ ወደ 400 ግራም ሲመዝን ተራው ምድጃ ከቀላል ድስት ጋራ ወደ 200 ግራም ነው። በሊትር 5 ግራም ቢቆጥብ 200 ግራሙን የሚመልሰው 40 ሊትር ካፈላ በኋላ ነው። ስለዚህ ለሁለት ሌሊት ጕዞ ተራውን እንመርጣለን፤ ነፋስ ለሚበዛበትና በረዶ አቅልጦ ለሚጠጣ ሰው ግን ያኛው ይሻላል፤ በረዶን ማቅለጥ ብቻውን ውሃን ከ20 ዲግሪ እስከ መፍላት የማድረስን ያህል ሙቀት ይፈልጋልና።

ለቤተ ሰብ ሒሳቡ እንዲህ ነው። አራት ሰዎች ለጧት ሻይና ለማታ ምግብ በቀን 4 ሊትር ቢያፈሉ፤ በሊትር 15 ግራም 60 ግራም ይሆናል፤ ለሦስት ቀን 180 ግራም። 230 ግራሙ ይበቃል፤ ትርፉም ለነፋስ ይሁን። የተጀመረ ቆርቆሮ ስንት እንደ ቀረው ለማወቅ አዲስ ሳለ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኖ ቁጥሩን በላዩ መጻፍ ነው።

ስለ ምግቡም ባለቤቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,620 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ውሃ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ፈጥኖ ፈላ ብሎ የሚደሰት ሰው ባቄላ ሲጥድ ያዝናል፤ እህሉ ሳይበስል ጋዙ ያልቃል። ለዚህ ሽሮን የሚያህል የለም፤ ቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ነውና። ምስር የሚወድ ቢኖር ከሰዓት በፊት ይዘፍዝፈው።

ብርድ ሲበረታ ምድጃውን ወደ ድንኳን ማስገባት ያምራል። ነገር ግን ከሰል በተዘጋ ቤት አንድዶ የተኛ ሰው ምን እንደሚሆን ሁላችንም ሰምተናል፤ ያው ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከጋዝ ምድጃም ይወጣል። ድስቱ ከነበልባሉ ጋራ እጅግ ሲቀራረብ ይበዛል፤ አየር በማይገባበት ድንኳን ይጠራቀማል። ልጆች ቀድመው ያንቀላፋሉ፤ ወላጅም ድካም ይመስለዋል። ወዳጃችን በዚያች ሌሊት እሳቱ ቢነድለት ኖሮ ወደ ውስጥ ሊያስገባው አስቦ እንደ ነበረ ነግሮናል።

በአውሮፕላን ለሚሄድም የጋዝ ቆርቆሮ በሻንጣም በእጅም ይዞ መሳፈር ክልክል ነው። ስለዚህ ምድጃውን ብቻ ይዞ፤ ጋዙን ከሚደርስበት ከተማ መግዛት ወይም አስቀድሞ በመኪና ማስላክ ያስፈልገዋል። ሲገዛም የቆርቆሮው አፍ ከምድጃው ጥርስ ጋራ የሚገጥም መሆኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሞክረው።