እውነት ወይስ ተረት? ድብ የሞተ ሰው አይነካም

የሁለቱን ጓደኛሞች ተረት ሰምታችኋል። ጫካ ውስጥ ድብ መጣባቸው፤ አንዱ ወዳጁን ጥሎ ዛፍ ላይ ወጣ፣ ሌላው ትንፋሹን ውጦ እንደ ሬሳ ተዘረረ። ድቡ አሸተተውና ሄደ። ተረቱ የተነገረው ስለ ጓደኝነት ነበር፤ እኛ ግን ስለ ድብ የተነገረ አድርገን ያዝነው። አገራችን ውስጥ ድብ ስለሌለ ደግሞ የሚያርመን አልተገኘም። ዛሬ ሲያትልና አካባቢዋ የሚኖር ወገናችን በነሐሴና በመስከረም ሀክልቤሪ የሚባለውን የዱር ፍሬ ወይም እንጉዳይ ሊለቅም ወደ ካስኬድ ተራሮች ቢወጣ፣ የሚገባው ከጥቁር ድብ ማዕድ ላይ ነው። ድቡ በዚያ ወቅት ለክረምቱ እንቅልፍ ስብ ስለሚያከማች በቀን እስከ 20,000 ካሎሪ ሊበላ ይችላል።

«ተኝተህ የሞትክ ምሰል» ይባላል። ድብ ግን ጥንብም ይበላል፤ ሬሳ የሚጸየፍ አውሬ አይደለም። ስቴፈን ሄሬሮና ባልደረቦቹ በ2011 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ ከ1900 እስከ 2009 ድረስ በሰሜን አሜሪካ ጥቁር ድብ ቢያንስ 63 ሰዎች ገድሏል። ለ110 ዓመት ቁጥሩ ትንሽ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ጥቃቶች 88 በመቶው ላይ ድቡ ሰውን እንደ አደን ነበር ያየው። እንዲህ ላለ ድብ መጋደም ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። ጥቁር ድብ ከያዛችሁ በድንጋይም በዱላም ፊቱንና አፍንጫውን ምቱ፤ እስኪለቃችሁ ታገሉ።

ታዲያ ምክሩ ለምን አልሞተም? ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ግሪዝሊ የሚባለው ቡናማ ድብ ድንገት ተደናግጦ፣ በተለይ ከግልገሎቿ ጋር ያለች እናት፣ ቢጥላችሁ በሆድ ተኝቶ ማጅራትን በእጅ ሸፍኖ ዝም ማለት ይመከራል። የሚመታው ስጋቱን ለማስወገድ ነውና። ግሪዝሊ ሞንታናና አላስካ በብዛት አለ፤ ሲያትል ባለችበት ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ግን በጣም ጥቂት ነው። በቀለም አትለዩት፤ ጥቁር ድብም ቡናማ ሊሆን ይችላል። ግሪዝሊን የሚያስታውቀው ትከሻው ላይ ያለው ጉብታ ነው።

ዛፍ ላይ የወጣው ጓደኛስ? እሱም በተረቱ ነው የዳነው። ጥቁር ድብ ዛፍ መውጣት ያውቅበታል፤ እናቲቱ ስጋት ስታይ መጀመሪያ ግልገሎቿን የምትሰደው ወደ ዛፍ ነው። ሩጫም አያዋጣም፤ ድብ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፣ የሚሸሽ ነገር ደግሞ ያባርራል። ቁሙ፣ እጃችሁን ከፍ አድርጉ፣ ረጋ ባለ ድምፅ እያናገራችሁት ፊታችሁን ሳታዞሩ ወደ ኋላ ራቁ።

«ቃጭል አንጠልጥል፣ ይሸሻል» የሚሉም አሉ። የቃጭል ድምፅ ደካማ ነው፤ ወንዝ ዳር ወይም ንፋስ ሲኖር ጭራሽ አይሰማም። ለቃሚ ደግሞ አቀርቅሮ በዝምታ ስለሚሠራ ከድብ ጋር ፊት ለፊት የመገጣጠም ዕድሉ ከተራ መንገደኛ ይበልጣል። ስለዚህ ብቻችሁን አትውጡ፤ ጮክ ብላችሁ ተጨዋወቱ፣ ዝፈኑ፣ ልጆችን ከዓይናችሁ አታርቁ። ፍሬ የበዛበት ትኩስ የድብ ዓይነ ምድር ካያችሁ ቦታውን ልቀቁለት።

የመጨረሻው ስህተት በጣም ያሳስበኛል። የድብ ስፕሬይ የሚባለውን ድብ ማባረሪያ የበርበሬ ርጭት እንደ ትንኝ መከላከያ ልብስና ድንኳን ላይ የሚረጩ አሉ። ደርቆ የቀረው ሽታ ድብን እንዲያውም ሊስብ ይችላል። ስፕሬዩ የሚረጨው እየመጣ ባለው ድብ ፊት ላይ ነው። በ2008 የታተመ የአላስካ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህ መንገድ ሲረጭ ከአስር ጊዜ ዘጠኙን ያህል ድቡን አስቁሞታል። ቦርሳ ውስጥ ከተቀመጠ ግን ለማውጣት ጊዜ አይኖራችሁም። ቀበቶ ላይ እሰሩት፤ ማስጠበቂያውን እንዴት እንደምታወጡም ከመኪናው ሳትርቁ ተለማመዱ።