ከአዲሱ ገበያ እስከ ጫንጮ፦ ብስክሌተኛ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የሚሻገረው ዳገት

ከአዲስ አበባ በሰሜን በኩል ወደ ጎጃም የሚወስደው አውራ ጎዳና በጉለሌ ክፍለ ከተማ አዲሱ ገበያን እንዳለፈ ሽቅብ ይወጣል። የእንጦጦን ምዕራባዊ ትከሻ ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርዳል፤ ከዚያም ጫንጮን፣ ሙከጡሪንና ፍቼን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ያቀናል። አንድ ቀን ሙሉ ብስክሌት ነድቶ መመለስ ለሚሻ የከተማ ነዋሪ ይህ መንገድ ደጁ ላይ ያለ ነው።

ርቀቱ ብቻውን አያስፈራም። ሱሉልታ ከመሐል ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጫንጮ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ጫንጮ ደርሶ መመለስ እንግዲህ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ የለመደ ሰው ይህን በሜዳ ላይ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። የዚህን መንገድ ውሎ የሚወስነው ግን የኪሎ ሜትሩ ብዛት ሳይሆን ዳገቱ ነው፤ ያውም ሲሄዱም ሲመለሱም የሚጠብቅ ዳገት።

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ የሆነችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጣና ዳር የተዘረጋው ሜዳ ተማሪውንም ሠራተኛውንም ሳያደክም ያደርሳል፤ የከተማዋ ከፍታም 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ በአንጻሩ መሐሏ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የእንጦጦ ጫፎች ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በ2,600 ሜትር ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ከቆላ የመጣ ብርቱ ጎልማሳ በጉለሌ ዳገት ላይ ሳንባው ሲከዳው ሊደነቅ አይገባም። መፍትሔው መቸኮል አይደለም፤ ማርሹን አቅልሎ፣ ከጎኑ ካለ ሰው ጋር መነጋገር እስከሚችልበት ድረስ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ መውጣት ነው። በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች የተጣደፈ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው ከሰዓት በኋላ ነው።

ለብስክሌት አገሪቱ እንግዳ አይደለችም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባም በጎዳና ውድድር 24ኛ ሆኖ አጠናቋል። በ2008 ዓ.ም ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን አፍሪካን የሚያቋርጠው ቱር ዳፍሪክ የተሰኘው ጉዞም በኢትዮጵያ ባለፈባቸው ዓመታት ተጓዦቹ ከባሕር ዳር ተነስተው፣ የዓባይን በረሃ ወርደውና ወጥተው በዚሁ የጎጃም መንገድ አዲስ አበባ ገብተዋል።

ዳገቱ ሲያልቅ የሱሉልታ ሜዳ ይከፈታል። ሜዳው በወተትና በድርቆሽ ይታወቃል፤ ማለዳ ሯጮች የሚለማመዱበትም ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን ጓንት የሌለው ብስክሌተኛ ጣቶቹ ደንዝዘው ፍሬን መያዝ ሊያቅተው ይችላል። በክረምት ደግሞ ከቀትር በኋላ የሚመጣው ዝናብ አስፋልቱን ያንሸራትታል። ለስንቅ ከሱቅ ብስኩት ይልቅ በሶና ቆሎ ይበልጣሉ፤ ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም፣ ጉልበታቸውም ይቆያል። ውሃ በየሰዓቱ ቢያንስ ግማሽ ሊትር ያስፈልጋል። በብርድ ላይ ጥም ስለማይሰማ ብዙዎች ይህን ይዘነጋሉ።

ከዚህ በኋላ መንገዱ የብስክሌተኛው ብቻ አይደለም። ከጫንጮ ወደ ደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚገነጠል መንገድ ስላለ ከባድ መኪኖች ይበዛሉ። ድርቆሽ የተጫነ አህያ፣ ወደ ውሃ የሚነዳ ከብትና ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው የሚጋፉትም የአስፋልቱን ያንኑ ጠርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ይሞታሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ገበሬውና ብስክሌተኛው በዚህ ቁጥር ውስጥ በአንድ ወገን የተሰለፉ ናቸው።

ብስክሌት ድምፅ የለውም። ይህ ለከተሜው ደስታ ቢሆንም ለእንስሳ ግን ድንጋጤ ነው፤ ከኋላው ድንገት የደረሰበት በሬ ወደየት እንደሚዞር አይታወቅም። ስለዚህ ብስክሌተኛው ከሩቅ ደወል መደወል ወይም ድምፅ ማሰማት፣ መንጋ ሲያጋጥመውም መውረድና መግፋት ይኖርበታል። ውሻ ሲያሳድደው ከመሸሽ ይልቅ ቆሞ ብስክሌቱን በመካከል ማድረግ ይሻላል፤ የሚሸሸውን ማሳደድ የውሻ ጠባይ ነውና። በእረኞች ወላጆች በኩልም የሚጠበቅ አለ። ኢትዮጵያን በብስክሌት ያቋረጡ ተጓዦች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ የልጆች ድንጋይ ውርወራ ነው። ለልጁ ጨዋታ ነው፤ ቁልቁለት ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚወርድ ሰው ግን አንዲት ጠጠር ሞት ልትሆን ትችላለች።

የበረቱ ከጫንጮ አልፈው፣ ወደ ለሚና ዓለም ከተማ የሚወስደውን የሙከጡሪ መገንጠያ ተሻግረው ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ይደርሳሉ። ይህ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በዚያው ቀን ነድቶ መመለስን ማሰብ አያዋጣም፤ ብስክሌቱን ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭኖ በመኪና መመለስ ይቀላል። ያን ያህል ከመራቅ በፊት ደግሞ የመንገዱን ጸጥታ ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ግድ ነው።

ከጫንጮ የሚመለሰው ከሱሉልታ በኩል ዳገቱን እንደገና ይወጣል፤ ቀጥሎም ወደ ከተማዋ የሚያስገባው ቁልቁለት ይመጣል። አብዛኛው ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ ይበልጥ ሊፈራ የሚገባው ግን ቁልቁለቱ ነው። ሰውና ብስክሌት በአንድነት 90 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና 400 ሜትር ከፍታ በፍሬን ብቻ እየተገቱ ቢወርዱ፣ ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በፍሬኑ ጎማና በቸርኬው ላይ ነው። ስለዚህ ፍሬንን ሳይለቁ ከመያዝ ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ ለቆ አሳርፎ፣ እንደገና መያዝ ይመከራል፤ የፊቱንና የኋላውን አጣምሮ፣ መታጠፊያ ከመድረሱ በፊት።

ጊዜውም ይታሰብ። በዚህ አገር ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባሉ የተቃረቡ ናቸው፤ ምሽት 12 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ስትጠልቅ ጨለማው ፈጥኖ ይወድቃል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከጉለሌ የተነሳ ሰው ቀትር ላይ ፊቱን ወደ ከተማ ካዞረ ዳገቱን ለማረፍ ጊዜ እያገኘ ይወጣል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገና ጫንጮ ያለ ግን አዲሱ ገበያ የሚደርሰው ታክሲውና የጭነት መኪናው በሚጋፉበት፣ እግረኛው መንገዱን በሚሞላበት የምሽት ሰዓት ነው፤ የኋላ መብራትና አንጸባራቂ ሰደርያ ከሌለው የጉለሌን ጫፍ ሳይለቅ ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ ቢጭን ይሻለዋል።