የብርቅ ማዕድናትን አቶሞች በብርሃን ስለ ማቀዝቀዝ

ፈረንሳዊው ሊቅ ሌኮክ ደ ቧቦድራን በ1886 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) አንድ አዲስ ንጥረ ነገር ከሌላው ለመለየት እጅግ ስለ ደከመ፣ ከግሪክ ቋንቋ ወስዶ ዲስፕሮሲየም ብሎ ሰየመው። ትርጓሜውም ለማግኘት የሚያስቸግር ማለት ነው። ይህና ባልንጀራው ኤርቢየም ብርቅ ከተባሉት ማዕድናት ወገን ይቈጠራሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም በምድር ውስጥ ከወርቅ ይልቅ የበዙ ናቸውና ስሙ ከነገሩ ጋራ አይስማማም።

ብርሃን ያሞቃል እንጂ ያቀዘቅዛልን? የሚል ሰው አይጠፋም። ዳሩ ግን እንደ አየር ያለ ነገር ሙቀቱ የአቶሞቹ ሩጫ ስለ ሆነ፣ ሩጫውን የገታ ሙቀቱን ቀነሰ ማለት ነው። ሊቃውንቱም የሌዘሩን ቀለም አቶሙ ከሚቀበለው ቀለም በጥቂቱ ወደ ቀይ ወገን ዝቅ አድርገው ከስድስት አቅጣጫ ይልኩበታል። ወደ ብርሃኑ ለሚሮጠው አቶም ቀለሙ ከፍ ብሎ ይታየዋልና ይቀበለዋል፤ በተቀበለም ቍጥር ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ ጥበብ ስቲቨን ቹ፣ ክሎድ ኮኸን ታኑጂና ዊልያም ፊሊፕስ በ1997 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ችግሩ አቶሙ ብርሃኑን ከተቀበለ በኋላ ወደ መጀመሪያው ማዕርጉ ካልተመለሰ ዳግመኛ የማይቀበል መሆኑ ነው። ኤርቢየም ደግሞ በመካከል እጅግ ብዙ ማዕርጋት ስላሉት በየመንገዱ እየቀረ ያልቃል፣ የቀረውንም ለመመለስ ብዙ ሌላ ሌዘር ያስፈልጋል የሚያሰኝ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ግን በአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ሥር ባለው የመለኪያ ተቋም ጄበዝ ማክሌላንድና ጄምስ ሃንሰን መመለሻ ሌዘር ሳይጨምሩ ኤርቢየምን አቀዘቀዙት። (ሚዛንና መስፈሪያ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር መሥራቱ ልብ የሚባል ነው።) ምሥጢሩ ኤርቢየም ራሱ ብርቱ መግነጢስ መሆኑ ነው፤ ኀይሉም በዚህ ሥራ ከተለመደው ከሩቢዲየም 7 እጥፍ ያህላል። በመካከል የቀረው አቶም ከብርሃኑ ቢያመልጥም ከመግነጢሱ ወጥመድ አያመልጥም፤ እዚያው ተይዞ ጥቂት ሲቈይ ወደ መጀመሪያው ማዕርጉ ወርዶ እንደ ገና ለብርሃኑ ይገዛል።

ከዚያ ወዲያ በ2011 ዓ.ም. የቤንጃሚን ሌቭ ጓዶች ዲስፕሮሲየምን፣ በ2012 ዓ.ም. የፍራንቼስካ ፈርላይኖ ጓዶች በኢንስብሩክ ኤርቢየምን፣ ከዚህ በታች ቅዝቃዜ የለም ወደሚባለው ወሰን አቅርበው አቶሞቹ ሁሉ እንደ አንድ አካል እንዲሆኑ አደረጉ። የመግነጢስ አቶሞች ከሩቅ ስለሚሳሳቡና ስለሚገፋፉ፣ በ2019 ዓ.ም. በፒዛ፣ በሽቱትጋርትና በኢንስብሩክ እንደ ጠጣር በሥርዐት የተደረደረ፣ ነገር ግን ያለ ሰበቃ የሚፈስ አዲስ የነገር ሁኔታ ታየ።