ለትንሽ ሞተር ካርቡሬተር ምን ከምን ይጣመር?

10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሴታል ፕላስቲክ ዘንግ ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። ዘንጉ የሚዞርበት የአሉሚኒየም ቀዳዳ ግን የሚሰፋው 0.014 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሞዴል አውሮፕላን ሞተር በቶርኖ ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በሁለቱ መካከል የተወው ክፍተት ሁለት ሦስት መቶኛ ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ቀዝቃዛ ሳለ እንደ ልብ ይዞር የነበረው የአየር መቆጣጠሪያ ዘንግ ሞተሩ ሲግል ነክሶ ይቀራል። ክፍተቱን ቢያሰፋው ደግሞ በጎን ሾልኮ የሚገባው አየር ድብልቁን ያሳሳዋል፤ ሞተሩም በዝግታ መዞር ያቅተዋል። ስለዚህ አንድ ቁስ የሚመረጠው ከሚነካው ቁስ ጋር ተገናዝቦ ነው።

ለካርቡሬተሩ አካል አሉሚኒየም እመርጣለሁ፤ ክብደቱ ትንሽ ነው፣ ቶርኖ ላይም አያስቸግርም። አሉሚኒየም በአሉሚኒየም ላይ ሲዞር ግን ተፋፍቆ ይጣበቃል። ዘንጉ ከአረብ ብረት ቢሆን ይሻላል፤ ብረት በሙቀት የሚሰፋው የአሉሚኒየምን ግማሽ ያህል ስለሆነ፣ ሲግል ይላላል እንጂ አይነክስም። ነዳጁን የሚመጥነው መርፌ ከብረት፣ መቀመጫው ከናስ ይሠራል። ናስ በጣም ጠባብ ቀዳዳ እንኳ በጥራት ይበሳል። ለስላሳ በመሆኑ ግን መርፌውን አጥብቆ የሚዘጋ ሰው የቀዳዳውን አፍ ያበላሸዋል፤ ከዚያ በኋላ ነዳጁን በልክ ማስተካከል ከባድ ነው።

ነዳጁም የራሱ ጠባይ አለው። በሚግል ሽቦ የሚለኮሱት ሞተሮች የሚጠጡት ሜታኖል ነው፤ ለማለስለሻም ብዙ ጊዜ የጉሎ ዘይት ይገባበታል፤ ያው ምጣድ የሚታሰስበት ጉሎ ነው። ሜታኖል ማግኒዚየምን ስለሚበላ ይህ ቁስ ከምርጫ ይወጣል። ሜታኖል ከአየር ውሃ ስለሚስብም የብረቱን ዘንግ ያዝገዋል፤ የዕለቱ ሥራ ሲያበቃ የቀረውን ነዳጅ አቃጥሎ ዘይት ጠብ ማድረግ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል አንድ ኪሎ ሜታኖል ሲተን ከቤንዚን ሦስት እጥፍ ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ለተመሳሳይ አየር የሚያስፈልገው መጠንም ከእጥፍ ይበልጣል። የሜታኖል ካርቡሬተር ከጋለ ሞተር ጋር ተጣብቆም ቀዝቀዝ የሚለው በዚህ ነው።

ቤንዚን ይህን ያህል አያቀዘቅዝም። በቤንዚን ሞተር ላይ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ሙቀት የማያሳልፍ የፕላስቲክ ማለያያ ይገባል፤ አለዚያ ነዳጁ መርፌው ጋ ከመድረሱ በፊት መትነን ይጀምራል። ለሜታኖል የሚያገለግለው የሲሊኮን ቱቦም በቤንዚን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ነዳጁን የቀየረ ሰው ቱቦውንም አብሮ ይቀይር።