አየር ጤና መሸጋገሪያ ብቻ ሆና አትቅር

ጠዋት አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ያውቀዋል፤ አብዛኛው ሰው የሚሄደው ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ መርካቶና ወደ ፒያሳ ነው። ማታ ያው ሕዝብ ይመለሳል። መኖሪያው ወደ ምዕራብ ሰፋ፤ ቤተል፣ ዓለም ባንክ፣ ወይራ ሰፈር፣ ካራ ቆሬ በቤት ተሞሉ። ቢሮውና ትልቁ ገበያ ግን መሀል ከተማ ቀረ። እኔ እንደማምነው አየር ጤና የምትገኝበት ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከታክሲ በፊት የጎደለው ማዕከል ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1956 ለአዲስ አበባ ባዘጋጀው ማስተር ፕላን፣ ሰፈሮች ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልጋቸውን በየአካባቢያቸው እንዲያገኙ አስቦ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው መዋቅራዊ ፕላንም ከዋናው ማዕከል ሌላ ንዑስ ማዕከላት እንዲያድጉ ይፈልጋል። ከመሬቱ 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ነው። ቅይጥ አገልግሎትንም ያበረታታል፤ ከታች ሱቅና ክሊኒክ፣ ከላይ ቢሮና መኖሪያ ማለት ነው።

ታዲያ ከየት ይጀመር? እኔ ከጦር ኃይሎች እላለሁ። ከአያት የሚነሳው ባቡር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እዚያ ያበቃል። ከባቡር የወረደ ሰው በ10 ደቂቃ የእግር መንገድ ሥራ፣ ገበያና ጤና ጣቢያ ቢያገኝ፣ ባቡሩም መሀል ከተማን ሳይሆን ኮልፌን ብሎ የሚመጣ ተሳፋሪ ይኖረው ነበር። ችግሩ ቀለበት መንገዱ ነው። ከጦር ኃይሎች እስከ 18 ማዞሪያ ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎታል። ልጅ ያዘለች እናትና በምርኩዝ የሚሄዱ አዛውንት ለመሻገር ደረጃ ወጥተው ደረጃ ይወርዳሉ፤ ያ የከበዳቸው ደግሞ በመኪና መሀል ይሻገራሉ። በዚህች ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር ነው። ሰው በሰላም የማይሻገርበት ቦታ ምን ያህል ፎቅ ቢደረደርበት ማዕከል አይሆንም። ስለዚህ ከሁሉም በፊት በመሬት ደረጃ፣ በመብራት የሚጠበቅ የእግረኛ ማቋረጫ ይሠራ።

ሌላው የሚያሳስበኝ የጉሊት ነገር ነው። ኮልፌን ዛሬ በእግር የሚኖርባት ያደረጓት በየመንገዱ ዳር ሽንኩርትና ጎመን የሚሸጡ እናቶች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ አጠና ተራ ያሉ እንጨት ነጋዴዎች ናቸው። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ የምድር ወለሉ ሱቅ በጨረታ ሲሸጥ አይተናል፤ ጨረታ ደግሞ የጉሊት ነጋዴን አቅም አይጠብቅም። አዲሱ ማዕከል እነሱን አስነስቶ የሚገነባ ከሆነ፣ ነዋሪው አሁን ደጁ ላይ የሚያገኘውን ፍለጋ ታክሲ ሊሳፈር ነው። ጣሪያ ያለው፣ ውኃና መጸዳጃ የተሟላለት የጉሊት ቦታ ከመጀመሪያው በንድፉ ውስጥ ይግባ፤ ኪራዩም በጨረታ አይወሰን።

የመዋቅራዊ ፕላኑ ዘመን 2019 ዓ.ም. ላይ ያበቃል። ቀጣዩን ፕላን በተመለከተ ወረዳችሁ ነዋሪን ሲሰበስብ አትቅሩ። ማቋረጫው የት እንደሚሆን፣ ጉሊቱ የት እንደሚያርፍ በካርታው ላይ በጣት እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ።