ቄጠማ የበቀለበት ጥግ፦ ቤት ከመሥራታችን በፊት ውሃው የት እንደሚያርፍ እንወቅ

አጎቴ ከሌሎች ሰዎች ጋር በማኅበር ቤት ሊሠራ ነው። ባለፈው መጋቢት የሳይቱን ፕላን ይዞ መጣና «እስኪ እየው» አለኝ። በታችኛው ጥግ፣ ጅረቱ ዳር፣ ስምንት ቤቶች ተሰልፈዋል፤ አንዱ የእሱ ነው። ቦታው ድረስ ሄድን። መሬቱ ሁሉ ደርቆ ያ ጥግ ብቻ ቄጠማ አብቅሏል። «ደስ አይልም?» አለኝ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ለምን መሰላችሁ?

በበዓል ቀን ቤታችሁ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ውሃ ወዳድ ነው። በበጋ ቄጠማ፣ ፊላ ወይም ደንገል ለምልሞ ካያችሁ ከሥሩ ውሃ አለ፤ ቦታው ረግረግ ነው። የጎርፍ ሜዳ ደግሞ ሌላ ነው። ወንዝ ሲሞላ ከመውረጃው ወጥቶ የሚተኛበት ለጥ ያለ መሬት ነው። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ ሰው የሚዘናጋውም በዚህ ነው።

ድሬዳዋን አስቡ። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን በላይኛው ደጋ የዘነበው ዝናብ በዚያው አሸዋ ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወንዙ ዳር የነበሩ ቤቶችም ተጠርገው ሄዱ።

«እንዲህ ያለ ጎርፍ በ100 ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው» የሚል ሰው ታገኙ ይሆናል። እኛ መሐንዲሶች «የ100 ዓመት ጎርፍ» ስንል በየዓመቱ የመከሰት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለታችን ነው። ዘንድሮ መጣ ማለት ለሚቀጥለው ዓመት አይመጣም ማለት አይደለም። አንድ ቤት 30 ዓመት ቢቆም፣ በዚያ ዕድሜው ቢያንስ አንዴ እንዲህ ያለ ጎርፍ የሚያገኘው ዕድል 26 በመቶ ገደማ ነው። ከአራት አንድ በሉት።

ታዲያ ረግረጉን በገረጋንቲ ብንሞላውስ? እስኪ እናስላ። በአንድ ሄክታር ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢተኛ 3,000 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ 20 ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ 150 ጊዜ ማለት ነው። ቦታውን ስንደለድለው ያ ሁሉ ውሃ አይጠፋም፤ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። በዚያ ላይ ጣሪያና አስፋልት ውሃ አያሰርጉም። አንድ ሄክታር ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት፣ ወደ 400 ሜትር ኩብ ውሃ መውረጃ ይፈልጋል።

ስለዚህ ፕላን ሲነደፍ መጀመሪያ የሚሣለው ቤቱ ሳይሆን የውሃው መንገድ ነው። ከፍ ያለው መሬት ለቤት፤ ዝቅ ያለው ለዛፍ፣ ለኳስ ሜዳ፣ ለመናፈሻ። ሜዳው አንድ ሳምንት ውሃ ቢተኛበት ጨዋታ ይቀራል እንጂ ማንም አይሞትም። መንገድ ጅረት ሲያቋርጥ ደግሞ ቱቦው የሚመጠነው በበጋው ውሃ ሳይሆን በክረምቱ ሙላት ነው።

በአካባቢው የኖሩ አንዲት እናት ጠየቅን። «ልጄ፣ ነሐሴ ላይ ውሃው እዚያ አጥር ድረስ ይመጣል» አሉኝ፤ በጣታቸው ያሳዩኝ አጥር ከስምንቱ ቤቶች በላይ ነው። አጎቴ መጀመሪያ አኮረፈ። በኋላ ግን ጉዳዩን ራሱ ስብሰባ ላይ አነሳው። ብዙ ተከራክረው፣ እያንዳንዱ አባል ከቦታው ትንሽ ትንሽ ቀንሶ ስምንቱ ቤቶች ወደ ላይ ወጡ። ቄጠማው ባለበት ቀረ።

እናንተም ቤተሰባችሁ ቦታ ሊያይ ሲሄድ አብራችሁ ሂዱ። ምን እንደበቀለ እዩ፤ በግድግዳና በዛፍ ላይ የደረቀ የጭቃ ምልክት ፈልጉ፤ አዛውንት ጠይቁ። ከተቻለ ደግሞ ቦታውን በነሐሴ እዩት። በመጋቢት ሁሉም መሬት ያምራል።