የልጄ ካርዶች

ልጄ ለኤ ሌቭል ሳይኮሎጂን መምረጧን የነገረችኝ አንድ ማለዳ ነው። ከሌሊት ተራዬ፣ አውቶቡሴን አስረክቤ መግባቴ ነበር። «ኬሚስትሪን ተውኩት አባዬ» አለችኝ። ደስ አላለኝም። እዚህ እንግሊዝ አገር ተማሪ ከ16 ዓመቱ በኋላ ባሉት ሁለት የኤ ሌቭል ዓመታት በአብዛኛው የሚያጠናው ሦስት ትምህርት ብቻ ስለሆነ አንዱን ማባከን ቀላል አይደለም። እኔም አገር ቤት መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ የትምህርት ሥነ ልቦና ተምሬያለሁ። ትዝ የሚለኝ ትርጉም መሸምደዱ ነው።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የፈተናው አወጣጥ ነው። ሦስት ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ 2 ሰዓት ይፈጃል፣ ከ96 ይታረማል። ከጠቅላላው ነጥብ ቢያንስ ሩቡ የሚሰጠው ለምርምር ዘዴ ነው፤ ናሙና እንዴት ይመረጣል፣ የተገኘው ልዩነት የአጋጣሚ አለመሆኑ በምን ይታወቃል የሚል። ሒሳብም አለበት። ወላጆች ሲጠይቁኝ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፦ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይኮሎጂ ለማጥናት ይህን ትምህርት በኤ ሌቭል መውሰድ ግዴታ አይደለም። ልጄ የመረጠችው ስለወደደችው ነው።

ለጥናት ካርድ ትሠራለች። በአንዱ ካርድ አንድ ጥናት ትጽፍና እኔ እጠይቃታለሁ። አንድ ምሽት የደረሰን የኤሊዛቤት ሎፍተስና የጆን ፓልመር ካርድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመ ጥናት ነው። ለ45 ተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳዩና «ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁ። የቀየሩት ግሱን ብቻ ነው። «ሲከሰካከሱ» የተባሉት በአማካይ በሰዓት ከ40 ማይል በላይ ሲሉ፣ «ሲነካኩ» የተባሉት 31.8 አሉ። በሌላ ሙከራ ደግሞ ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችሁ ነበር ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ «ሲከሰካከሱ» ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ አዎ አሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

ካርዱን አስቀመጥኩት። ከዓመታት በፊት ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ሁለት መኪኖች ሲጋጩ አይቼ ምስክርነት ሰጥቻለሁ። ፍጥነታቸውን ተጠይቄ ቁጥር ተናግሬአለሁ፤ ቃሌን ፈርሜበታለሁ። የተጠየቅኩት በየትኛው ቃል እንደነበር ግን አላስታውስም። ለልጄ ነገርኳት። «አልዋሸህም እኮ አባዬ፤ ትውስታ እንደ ፊልም ተቀርጾ አይቀመጥም፣ በጠሩት ቁጥር እንደገና ይሠራል» አለችኝ። የሸመደደችውን መስሎኝ አየኋት። የገባት ነገር ነበር።

ብዙ ያወያየን ግን የሕፃናትና የእናቶች ቁርኝት ምዕራፍ ነው። ሜሪ ኤንስዎርዝ ቁርኝትን የመዘኑበት ዘዴ እንዲህ ነው፦ ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ከእናቱ ጋር አዲስ ክፍል ይገባል፤ የማያውቀው ሰው ይመጣል፤ እናት ትወጣለች፤ ስትመለስ ሕፃኑ እንዴት እንደሚቀበላት ይታያል። ኤንስዎርዝ ከዚያ በፊት፣ በ1950ዎቹ፣ ኡጋንዳ ውስጥ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው እየሄዱ ተመልክተዋል። ቫን አይዘንዶርንና ክሮነንበርግ በ1988 በክፍሉ ዘዴ የተሠሩ 32 ጥናቶችን ከ8 አገሮች ሲያሰባስቡ ግን ከስምንቱ አንድም የአፍሪካ አገር የለም፤ ከጥናቶቹም 18ቱ የአሜሪካ ናቸው። ይህን ልጄ ናት ያሳየችኝ። ስለ ባህል አድልዎ የ16 ነጥብ ድርሰት እየጻፈች ነበር።

እሑድ ደብረ ብርሃን ለእናቴ ስንደውል ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«እማማ፣ አባዬ ሕፃን ሳለ ከባዳ ሰው ጋር ትተሽው ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ከባዳ? ኧረ ልጄን ምን ሲደረግ!»

«ገበያ ስትሄጂስ?»

«አዝዬው ነዋ። ካልሆነም ለጎረቤት ሰጥቼው።»

«እሱ ባዳ አይደለም?»

እናቴ ዝም አለች። ጥያቄው አልገባትም። «የኔ ልጅ፣ ጎረቤት ባዳ ነው እንዴ? ጡት ያጠባችው እኮ አለች» አለች።

ልጄ ባዶ ካርድ ሳበች። «ጡት ያጠባችው» የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምትጽፈው ጠየቀችኝና አብረን ቃል እንፈልግ ጀመር።